ፌስታሉና እንክብሉ ወንዝ ውስጥ ሲገናኙ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ሲያጸድቅ ወሬው ሁሉ ስለ ገበያ ሆኖ ነበር። ሽንኩርት በምን ይያዛል? ጉሊት የተቀመጠችው እናት ቲማቲሟን በምን አድርጋ ትስጥ? ፋብሪካ የከፈተውስ ሰው ምን ይሁን? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ግን ከወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ አንድ የላብራቶሪ ውጤት ወጥቶ ነበር። ጥቃቅን ፕላስቲክ ባለበት ያደገ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን መቋቋም እንደሚቀናው የሚያሳይ ነው። ዜናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያጠረ ሄዶ «ፕላስቲክ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ይፈጥራል» ወደሚል ተለወጠ።

አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ያሳስታል። ፕላስቲክ ጀርምንና መድኃኒትን አንድ ቦታ ያገናኛል፤ አብረው እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ከዚያም ይዟቸው ይጓዛል። መነሻው ግን ሳይጣራ ወንዝ የሚገባው ፍሳሽ ነው። ይህን ሳንለይ አንዱ ስለ ፌስታል፣ ሌላው ስለ ፋርማሲ ብቻ ቢከራከር ሁለቱም የሚገናኙበት ቦታ ተረስቶ ይቀራል።

ፕላስቲኩ ከየት፣ መድኃኒቱ ከየት

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ምስር ከሚያክለው ጀምሮ በዓይን እስከማይታየው ብናኝ ድረስ ያለው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ቃሉ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ነው። ያኔ የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በባሕር ዳርቻ አሸዋና በባሕር ውሃ ውስጥ ያገኙትን የፕላስቲክ ብናኝ በጥናት ይፋ አደረጉ።

ከሁሉ በላይ የሚታማው ፌስታል ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ፌስታል ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረካከሳል። አለቀለት ይባላል እንጂ አላለቀም፤ ቁጥሩ በዛ። «ማዳበሪያ» የምንለው ጆንያም ያው ነው። ስሙን በውስጡ ከሚመጣው ነገር ወሰደ እንጂ ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ጠርዙ ሲተለተል ክሩ በየመንገዱ ይቀራል።

ሌሎቹን ምንጮች ግን ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ግምት አውጥቶ ነበር። ገና ከመነሻው ደቆ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ፕላስቲክ 35 በመቶው ከሰው ሠራሽ ጨርቅ እጥበት፣ 28 በመቶው ከመኪና ጎማ መበላት የሚመጣ ነው ይላል። የፖሊስተር ሹራብ በታጠበ ቁጥር ክር ይጥላል። አስፋልት ላይ ያለቀ ጎማ ብናኙን ዝናብ አጥቦ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። የፌስታል እገዳ እነዚህን አይነካቸውም።

አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ቴትራሳይክሊን በየቤቱ የታወቁ ስሞች ናቸው። የዋጥነው ሁሉ ግን ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከፊሉ፣ አንዳንዴም አብዛኛው፣ መልኩን ሳይለውጥ ይወጣል። አሞክሳሲሊንን ብንወስድ ከግማሽ በላዩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽንት ይወገዳል። ጠዋት የተዋጠው ካፕሱል ከምሳ በፊት ሽንት ቤት ደርሷል ማለት ነው። ሽንት ቤቱ ከምን ጋር እንደተገናኘ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከብቶችና ዶሮዎችም አሉ። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና በብዛት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከፊሉ በእበትና በሽንት ተመልሶ መሬት ላይ ይወድቃል። ሲተርፍ የሚጣለው መድኃኒት አለ። ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚለቀቀው ፍሳሽም አለ። ስለዚህኛው እ.ኤ.አ. በ2007 ከሕንድ የወጣው ውጤት ዛሬም ያስደነግጣል። በሃይደራባድ አቅራቢያ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ ካጣራ በኋላ የሚለቀው ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮ ይዞ ተገኝቷል። መድኃኒቱን ከሚወስድ ታማሚ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን የሚበልጥ ነው።

የምሳ ዕቃው ቀለም

ቀይ ወጥ ያደረበትን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ያጠበ ሰው የዚህን ጉዳይ ግማሽ ያውቀዋል። የብርጭቆ ዕቃ በአንድ ውሃ ይጠራል። ፕላስቲኩ ግን በሳሙና ቢሉት በሎሚ ቢሉት ቀይነቱን አይለቅም። ፕላስቲክ ከነዳጅ የተሠራ ስለሆነ ከቅባትና ቅባት ከሚወድ ነገር ጋር ይስማማል። ወንዝ ውስጥም ጠባዩ ያው ነው። የዘይት ቅሪቱም፣ ፀረ-ተባዩም ይለጠፍበታል። ሳይንቲስቶች አንድ ነገር በሌላው ገጽ ላይ ሲለጠፍ አድሶርፕሽን ይሉታል።

አንቲባዮቲክ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። አብዛኛው ውሃ የሚወድ ሞለኪውል ነው፤ እንደ ወጥ ቅባት አዲስና ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም። ነገሩን የሚለውጠው የፕላስቲኩ ዕድሜ ነው። ፀሐይ የመታው፣ ድንጋይ የፋቀው ፕላስቲክ ይሰነጣጠቃል። ገጹ ይሻክራል። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ኬሚካዊ ጠባዩ ይለወጣል። ያኔ አንቲባዮቲኩ መቆናጠጫ ያገኛል። የአሮጌ ፕላስቲክ ስብርባሪ ከአዲሱ ይልቅ የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

የፕላስቲኩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሙከራ አምስት ዓይነት ፕላስቲክን ከአምስት አንቲባዮቲኮች ጋር አገናኝተው ነበር። ናይለን የሚሠራበት ፖሊአማይድ ከሌሎቹ የበለጠ ያዘ። ሌላም ነገር አዩ። በጨዋማ የባሕር ውሃ ውስጥ የመለጠፉ መጠን ቀነሰ፤ በወንዝ ዓይነት ውሃ ውስጥ በለጠ። ስለ ፕላስቲክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚታየው ዓሣ ነባሪና ኤሊ ነው። ለዚህኛው ጉዳይ ግን ወንዝ ከባሕር ይብሳል።

ጀሪካን ውስጥ የሚይዘው ዝልግልግ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ሳይታጠብ የከረመ ጀሪካን የውስጥ ግድግዳው ያሟልጫል። ያ ዝልግልግ ነገር ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች ተሰባስበው፣ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍነው የሚኖሩበት መንደር ነው። ጥርስ ላይ የሚይዘው ቆሻሻም ከዚሁ ወገን ነው።

ወንዝ ውስጥ የገባ የፕላስቲክ ቅንጣት ብዙ ሳይቆይ እንዲህ ያለ ልብስ ይለብሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን በፕላስቲክ ላይ የሚኖር የጥቃቅን ሕዋሳት ዓለም ፕላስቲስፌር ብለው ሰየሙት። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ እንያቸው። ከታች አንቲባዮቲክ የተለጠፈበት ገጽ አለ። ከላዩ ባክቴሪያዎች ተጠጋግተው ሰፍረዋል።

መጀመሪያ የሚሆነው መከላከል ነው። ሙጫው እንደ ጋሻ ሆኖ መድኃኒቱ በቶሎ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያዘገየዋል። ባክቴሪያው የሚደርሰው መጠን የሚገድል ሳይሆን የሚያለማምድ ይሆናል። ያ ትንሽ መጠን ቀላል አይደለም። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያን ለማስቆም ከሚያስፈልገው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ አንቲባዮቲክ እንኳ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት በቁጥር እንዲበልጡ ሊያደርግ ይችላል። ወንዝ ውስጥ የምናገኘው መጠን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ትንሹ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ መቀባበል ነው። ባክቴሪያ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታን ከወላጁ ብቻ አይወርስም፤ ከጎረቤቱም ይቀበላል። የሚቀባበሉት ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት መሰል ዲኤንኤ ነው። ሰዎች ፊልም በፍላሽ እንደሚሰጣጡት አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ዘመድ መሆን አይጠበቅባቸውም። ምንም ጉዳት የሌለው የወንዝ ባክቴሪያ የያዘውን ለሰው አንጀት ባክቴሪያ ሊያቀብል ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መቀራረብ ነው፤ ባዮፊልም ደግሞ ከመቀራረብም አልፎ ተጣብቆ መኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን የተሠራ ጥናትም በማይክሮፕላስቲክ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ለብቻቸው ከሚንሳፈፉት ይልቅ ፕላዝሚድ አብዝተው እንደሚቀባበሉ አሳይቷል።

ቦስተን ምን አለ፣ ምን አላለም

ወደ መጀመሪያው ዜና እንመለስ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ. ኮላይ የተባለውን፣ አንጀታችን ውስጥም የሚገኘውን ባክቴሪያ ከማይክሮፕላስቲክ ጋር አሳደጉት። ከዚያ በአራት አንቲባዮቲኮች ፈተኑት፦ አምፒሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ዶክሲሳይክሊንና ስትሬፕቶማይሲን። ፕላስቲክ ያገኘው ባክቴሪያ የመቋቋም አቅሙ ጨመረ። ከፕላስቲኮቹ መካከል ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ነጩ የምግብ ማሸጊያ የሚሠራበት፣ ጎልቶ ታየ። ፕላስቲኩም መድኃኒቱም ከተወሰደ በኋላ ጠባዩ አለመጥፋቱ ደግሞ ይበልጥ ትኩረት ሳበ።

ይህ ጠንካራ ምልክት ነው። ግን የተሠራው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በአንድ የባክቴሪያ ዓይነት፣ ሁኔታው ሁሉ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ነው። ወንዝ እንደዚያ አይደለም። ወንዝ ውስጥ ሺህ ዓይነት ባክቴሪያ ይሻማል፤ ጎርፍ ይመጣል፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ይሰባብራል። ጥናቱ «ይህ ሊሆን ይችላል» ብሎ አሳየ እንጂ «በዚህ ከተማ ይህን ያህል ሰው በዚህ ታመመ» አላለም። ሁለቱን ማምታታት ነው ወሬውን ያበላሸው።

የተጠራጣሪዎቹ ክርክር

ሁሉም ተመራማሪ በፕላስቲኩ ላይ ጣቱን አይቀስርም። የሆላንዱ አልበርት ኩልማንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ግምገማ፣ በባሕር ውስጥ ኬሚካልን በመሸከም ረገድ የፕላስቲክ ድርሻ ከተፈጥሮ ቅንጣቶችና ከምግብ ሰንሰለቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው ብለው ነበር። ሐሳቡ ለእኛም ወንዞች ይሠራል። በክረምት የሚወርደውን ደፍራሽ ውሃ ማየት ይበቃል። በውስጡ ያለው የሸክላ አፈር ከፕላስቲኩ እጅግ ይበዛል፤ አፈሩም መድኃኒት ይይዛል። ቴትራሳይክሊን ለምሳሌ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባገኘበት ይጣበቃል። «ከወተት ጋር እንዳትወስደው» የሚባለውም በዚሁ ነው፤ የወተቱ ካልሲየም ይዞ ያስቀረዋል። ሸክላ አፈርም እንዲሁ ይይዘዋል። እንጨት፣ ቅጠል፣ ድንጋይ ሁሉ ባዮፊልም ይለብሳል። ታዲያ ፕላስቲኩ በምን ተለየ?

ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ በተለይ «ፕላስቲክ ዋናው ተጠያቂ» ለሚለው ወገን ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ቅጠል ይበሰብሳል። አፈር ውሃው ሲረጋ ይዘቅጣል። ፌስታልና ጆንያ የሚሠሩባቸው ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀላሉ፤ ተንሳፍፈው ብዙ መንገድ ይሄዳሉ፤ ለብዙ ዓመታትም አይበሰብሱም። ፕላስቲክ የሚለየው በብዛቱ ሳይሆን ባለመጥፋቱና በመንገደኛነቱ ነው ቢባል ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር አይለያዩም። ፍሳሹ ውስጥ አንቲባዮቲክና የሰገራ ባክቴሪያ ከሌለ ፕላስቲኩ የሚሸከመው ጭነት አይኖርም።

አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል፣ አዋሽ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ሰፊ ጥናት ወጣ። በ104 አገሮች፣ በ258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ውሃ ተቀድቶ 61 የመድኃኒት ንጥረ ነገሮች ተለኩ። በአማካይ ድምር አንደኛ የወጣችው የፓኪስታኗ ላሆር ናት፤ 70.8 ማይክሮግራም በሊትር። ሁለተኛዋ የቦሊቪያዋ ላፓዝ፣ 68.9። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ፣ 51.3።

ቁጥሩ ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድምሩ የአንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻው፣ የስኳር መድኃኒቱ፣ ካፌይን ሳይቀር አብሮ ተቆጥሯል። በቀን ሦስቴ ቡና በሚፈላበት አገር ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ደረጃው የሚናገረው ነገር አለ። አዲስ አበባ መድኃኒት ከአውሮፓ ከተሞች አብልጣ ስለምትውጥ አይደለም እዚህ የደረሰችው። የዋጠችው ሳይጣራ ወንዝ ስለሚገባ ነው። በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ማጣራት የሚችል ጣቢያ ተሠርቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የሁሉም ቤት ፍሳሽ እዚያ አይደርስም። ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶችና ድርጅቶች በድብቅ ቱቦ መልቀቃቸው የአደባባይ ምስጢር ነው፤ የከተማ አስተዳደሩም ወንዝ በካዮችን የሚቀጣ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሷል።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን ሰንጥቀው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። በመንገዳቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ ምርቱ ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ቆቃን አልፎ አዳማን ውሃ ያጠጣል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያለማል፣ መጨረሻው በአፋር በረሃ በጂቡቲ ድንበር ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ባሕር አይደርስም። ሌላ አገር ያለ ወንዝ ቆሻሻውን ለውቅያኖስ አስረክቦ ይገላገላል፤ አዋሽ የተቀበለውን ሁሉ በራሱ ተፋሰስ ውስጥ፣ በማሳና በሐይቅ፣ ያስቀረዋል።

ምን ይመጣል?

መድኃኒት የተላመደ ጀርም የወደፊት ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞተ ይገመታል። የሞት መጠኑ ከፍ ያለው ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ነው። ከዚህ ውስጥ የአካባቢ ብክለት ድርሻው ስንት ነው ለሚለው የተለየ ቁጥር የለም፤ ትልቁ በር አሁንም ሆስፒታሉ፣ ፋርማሲውና ሳይጨርሱ የሚተዉት መድኃኒት ነው። ወንዙ ሁለተኛ በር ነው። ግን የመጀመሪያውን በር በጥንቃቄ የዘጋ ሰው ላይም ጀርሙ በሁለተኛው ሊገባበት ይችላል። አንቲባዮቲክ በዓመት አንዴ እንኳ የማይወስድ ሰው ሰላጣውን ከዚያው ማሳ ይበላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ነገር ውስን ነው። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ፕላስቲኩንና እንደ ሲፕሮ ያሉትን ሙቀት የሚችሉ መድኃኒቶች ግን አያጠፋም። የበሰለ ጎመን በዚህ ረገድ ከጥሬ ሰላጣ ይሻላል። የተረፈ እንክብልን ሽንት ቤት አለመጣልም ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የግለሰብ ጉዳይ አይደለም።

በፖሊሲ ደረጃ ያለው ችግር ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት ጠረጴዛ መያዛቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በመድኃኒት መላመድ የሚደርሰውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማማ። የፕላስቲክ ስምምነት ድርድሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ ያለ ውጤት ተበተነ። አገር ቤትም ፌስታሉ በአካባቢ ጥበቃ፣ አንቲባዮቲኩ በጤና፣ ኦክሲቴትራሳይክሊኑ በግብርና፣ ፍሳሹ በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ይያዛል።

ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ብር ወደ ፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ መሄድ አለበት የሚለው ክርክር ያሳምናል። ፍሳሹን መያዝ መድኃኒቱንም፣ ጀርሙንም፣ የፖሊስተሩን ክርም በአንድ ቦታ ይይዛል። ፌስታል ማገዱ ይህን ያግዛል፤ ቦይ የሚደፍነው ማን ሆነና። ማጣሪያው ግን ሁሉን አያጠፋም። በሌላው ዓለም የተለካው እንደሚያሳየው ጥሩ ጣቢያ ከውሃው ውስጥ ከ90 በመቶ የሚበልጠውን ማይክሮፕላስቲክ ያስቀራል። የተያዘው ግን አልጠፋም፤ ዝቃጩ ውስጥ፣ ማለትም ጣቢያው ሥር በሚቀረው ጭቃ ውስጥ ነው። ከአንቲባዮቲኩ ከፊሉና ባክቴሪያውም አብረውት አሉ። ዝቃጩ ደርቆ ማሳ ላይ ከተበተነ የተለያዩት እንደገና ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ስንት ቀን ይድረቅ፣ ምን ያህል ይብላላ፣ የትኛው ሰብል ላይ ይዋል የሚለው መመሪያ ከማጣሪያው ጋር አብሮ ቢወጣ ነው የሚሻለው።